ድምፅን በቤት ለማስቀረት የሚበቃ መሣሪያ ስለ መምረጥ

በብዙ ክርስቲያን ቤት ውስጥ በመዝገብ ያልተጻፈ፣ በሣጥንም ያልተቈለፈ አንድ ሀብት አለ፤ ይኸውም የአረጋውያን ድምፅ ነው። አንዲት እናት በዐቢይ ጾም ማታ ማታ በገናቸውን አንሥተው ይደረድራሉ፤ አንድ አባት በልጅነታቸው ከድጓ ቤት የቀሰሙትን ዜማ ጧት ጧት በለሆሳስ ይላሉ፤ አንዲት አያትም ከእናታቸው የተቀበሉትን የእመቤታችንን ምስጋና ለልጅ ልጆቻቸው ያወርዳሉ። ቤተ ሰቡ ድምፁን ስለ ለመደው ዘወትር የሚኖር ይመስለዋል። ሰው ግን በዚህ ዓለም እንግዳ ነው፤ ድምፁም ካልተጠበቀ ከባለቤቱ ጋራ ይሄዳል። ከዕረፍት በኋላ ፎቶግራፍ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ድምፁ ግን ከየት ይገኛል?

ይህን ነገር የሚያስቡ ልጆች በዚህ ዘመን በየቤቱ እየተገኙ ነው። አንዱ የአያቱን ዜማ፣ አንዷ የእናቷን በገና፣ ሌላውም የሰንበት ትምህርት ቤቱን መዝሙር በቤት ውስጥ ለመቅረጽ ይሻና «መሣሪያ ይገዛልኝ» ብሎ ወላጆቹን ይለምናል። አባትና እናት የልጁን ሐሳብ ባይነቅፉም የዕቃው ስም እንግዳ፣ ዓይነቱ ብዙ፣ ዋጋውም ከቤት ወጪ ላይ የሚቀነስ በመሆኑ ግራ ይጋባሉ። ሻጩ የሚናገረውንም የሚመዝኑበት ሚዛን የላቸውም። ከዚህም የተነሣ አንዳንዱ ቤት ከሚገባው በላይ ከፍሎ ይጸጸታል፤ ሌላው ርካሹን ገዝቶ ላሰበው ሥራ ሳይሆንለት ይቀራል፤ የሚበዛው ቤት ደግሞ «ገንዘብ ሲገኝ እንገዛለን» እያለ ዘመኑን ያሳልፋል። ከሦስቱም የከፋው ይህ ሦስተኛው ነው፤ መሣሪያው ለከርሞም ይገኛል፣ ድምፁ ግን ለከርሞ ላይገኝ ይችላልና።

ስለ ዜማ መጠበቅ ማሰብ ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ነገር አይደለም። በ6ኛው ምዕት ዓመት የተነሣው ቅዱስ ያሬድ በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ ያዘጋጀው ዜማ ለብዙ ዘመን ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ። በ16ኛው ምዕት ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት ግን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማው ምልክት እንዳበጁለት ሊቃውንት ይተርካሉ። ምልክቱ መምህሩን አልሻረም፤ የተማሪውን ልቡና ረዳ እንጂ።

ድምፅን ራሱን የሚይዝ መሣሪያም ወደ አገራችን ከመጣ ቈይቷል። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ የሰም ጥቅልል ላይ ቀርጸው ለዳግማዊ ምኒልክ ላኩ፤ በ1899ም ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በዚያው ዓይነት ጥቅልል መልስ ሰጡ። የንግሥቲቱ ጥቅልል ከተሰማ በኋላ በራሳቸው ትእዛዝ ተሰበረ፤ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌዪቱ ድምፅ ግን ስለ ተጠበቀ ዛሬም ይሰማል። ያን ጊዜ የነገሥታት ብቻ የነበረው ነገር ዛሬ የመካከለኛ ቤተ ሰብ ሆኗል። እንግዲህ የቀረው ጥያቄ «ለቤታችን የሚበቃው የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

መሣሪያው ምንድን ነው?

ስሙ «ኦዲዮ ኢንተርፌስ» ነው፤ በገበያችን ብዙዎች «ሳውንድ ካርድ» ይሉታል። መጠኑ ከአንድ መካከለኛ መጽሐፍ የማይበልጥ ትንሽ ሣጥን ሲሆን፣ በአንድ ወገን የማይክራፎን ገመድ ይገባበታል፤ በሌላው ወገን በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋራ ይገናኛል። ሥራው በአስተርጓሚ ሥራ ይመሰላል። ሰው ሲያዜም ወይም አውታር ሲመታ አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ ማይክራፎኑም ያን መንቀጥቀጥ ወደ ደካማ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ኮምፒዩተር ግን የሚያውቀው ቍጥርን ብቻ ነው። ስለዚህ ሣጥኑ አስቀድሞ ደካማውን ኤሌክትሪክ ያበረታዋል፤ ከዚያም በየቅጽበቱ እየለካ ወደ ቍጥር ይተረጕመዋል፤ በመጨረሻም ቍጥሩን መልሶ ድምፅ በማድረግ ለጆሮ ማዳመጫ ይሰጣል። ማበርታት፣ መለካት፣ መልሶ ማሰማት፤ ሥራው እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ሻጮች አብዝተው የሚያወድሱት መለካቱን ነው። በካርቶኑ ላይ «192» የሚል ቍጥር ይታያል፤ ይህም በ1 ሴኮንድ 192,000 ጊዜ ይለካል ማለት ነው። ለቤት ይህን ያህል አያስፈልግም። የሰው ጆሮ የሚሰማው እጅግ ቀጭኑ ድምፅ በሴኮንድ 20,000 ጊዜ ያህል የሚንቀጠቀጥ ነው፤ እርሱን ለመያዝ ከእጥፉ ጥቂት አልፎ መለካት ይበቃል። ስለዚህም የሙዚቃ ሲዲ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ፣ የፊልም ድምፅ ደግሞ 48,000 ጊዜ ተለክቶ ይሠራል። ከታወቁት ሠሪዎች ርካሾቹ መሣሪያዎች እንኳ እስከ 48,000 ይደርሳሉና በዚህ ቍጥር ምክንያት ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ሁለተኛው ቍጥር «ቢት» የሚባለው ነው፤ የእያንዳንዱን ልክ ረቂቅነት ያመለክታል። ሲዲ በ16 ቢት ይሠራል፤ ይህም በእጅግ ዝቅተኛውና በእጅግ ከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ይሰጣል። በ16 ቢት መልካም ቅጂ ይገኛል። ነገር ግን ከተቻለ 24 ቢት ያለውን መምረጥ ለጀማሪ ይጠቅመዋል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በጥንቃቄ ቢቀርጽና በኋላ ከፍ ቢያደርገው ጥራቱ አይጐዳበትምና።

አስቀድሞ የሚቈጠረው

ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ወንጌል ታስተምረናለች። በዚህም ነገር ከብሩ በፊት የሚቈጠር አለ፤ እርሱም «በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ ለየብቻው እንቀርጻለን?» የሚለው ነው።

አንድ ሰው ብቻውን የሚያዜም ወይም የሚተርክ ከሆነ አንድ ማይክራፎን ይበቃዋል። በገና እየደረደረ የሚዘምር ሰው ግን ሁለት ድምፅ አለው። የበገናው ድምፅ ዝቅ ያለና የሚነዝር ስለ ሆነ ዘማሪው ጥቂት ጎላ ቢል ይሸፍነዋል። ማይክራፎን አንድ ብቻ ቢሆን በአፍና በበገናው ገበቴ መካከል አቁሞ መቅረጽ ይቻላል፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ሁለት ሲሆን ግን አንዱን ለአፍ፣ ሁለተኛውን ለበገናው አድርጎ በኋላ አንደኛውን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ በገና ላለበት ቤት ሁለት ማይክራፎን የሚቀበል መሣሪያ ይመረጣል። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ተሰብስበው ሲዘምሩም ለእያንዳንዱ ማይክራፎን አያስፈልግም፤ በአንዱ ወይም በሁለቱ ፊት በግማሽ ክብ ቆመው፣ ድምፀ ጎላዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢሉ ይበቃል። ስምንት መግቢያ ያለውን ውድ ዕቃ ለቤት መግዛት ለአንድ ሰው ምሳ ድግስ እንደ መጣል ነው።

ብዙ ገዢዎች የሚታለሉት በዚህ ቦታ ነው። በሣጥኑ ፊት ሁለት ቀዳዳ ያዩና «ሁለት ማይክራፎን ይቀበላል» ብለው ይወስዳሉ። ለምሳሌ የቤሪንገር «ዩኤም2»፣ የፎከስራይት «ስካርሌት ሶሎ» እና የኤም ኦዲዮ «ኤም ትራክ ሶሎ» ሁለት ሁለት መግቢያ አላቸው፤ ሆኖም ማይክራፎን የሚቀበለው አንዱ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ለኤሌክትሪክ ጊታርና ለመሰለው ዕቃ የተዘጋጀ ነው። የማይክራፎን መግቢያ «ኤክስ ኤል አር» የሚባለው፣ በክብ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ያለው ነው። ስለዚህ ሲገዙ የሚቈጠረው እርሱ ነው። ከእነዚሁ ሠሪዎች ሁለት ማይክራፎን የሚቀበሉት ቤሪንገር «ዩኤምሲ202ኤችዲ»፣ «ስካርሌት 2አይ2» እና «ኤም ትራክ ዱኦ» ናቸው።

ስለ ማይክራፎንና ስለ ማበርታት

ማይክራፎን በሁለት ታላላቅ ወገን ይከፈላል። አንደኛው «ዳይናሚክ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በዓለም ሁሉ መድረክ ላይ የሚታየው የሹር «ኤስ ኤም 58» ከዚህ ወገን ነው። ጠንካራ ነው፤ ቢወድቅ ቶሎ አይበላሽም፤ ከአፍ አጠገብ ሲያዝ የሩቁን ጫጫታ ብዙ አይሰበስብም። ሁለተኛው «ኮንደንሰር» ይባላል፤ እርሱ ስሜቱ ረቂቅ ነው፤ የአውታሩን ንዝረትና የትንፋሹን መነሻ ሁሉ ይይዛል። ነገር ግን የጎረቤቱን ውሻና የማቀዝቀዣውን ድምፅም እንዲሁ ይይዛል።

ኮንደንሰር ያለ ኤሌክትሪክ ኀይል አይሠራም። ኀይሉም «ፋንተም ፓወር» የሚባለው 48 ቮልት ሲሆን በዚያው በማይክራፎኑ ገመድ ውስጥ ከሣጥኑ ይላካል። ስለዚህ በመሣሪያው ላይ «48» የሚል ቍልፍ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ቍልፉ ካልተከፈተ ኮንደንሰሩ ዲዳ ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ደኅናውን ማይክራፎን «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሰዋል። እንግዲህ ጸጥታ ባለበት ቤት ለበገናና ለለሆሳስ ዜማ ኮንደንሰር ይስማማል፤ ጫጫታ በበዛበት ሰፈር፣ ለትረካና ለመዝሙር ዳይናሚክ ይሻላል።

ርካሽ መሣሪያ ከውድ መሣሪያ በግልጽ የሚለየው በማበርታቱ ነው። ዳይናሚክ ማይክራፎን የሚያወጣው ኤሌክትሪክ እጅግ ደካማ ነው፤ የሽማግሌ ድምፅም ዝቅ ያለ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ «ጌን» የሚባለውን ቍልፍ እስከ መጨረሻው ማዞር ግድ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ደካማ መሣሪያ ከድምፁ ጋራ እንደ ሩቅ ዝናብ ያለ ሽሽታ ይጨምራል። ስለዚህ ከሱቅ ሳይወጡ መፈተን ይገባል፤ ማይክራፎኑን ሰክቶ፣ ማዳመጫውን በጆሮ አድርጎ፣ ጌኑን ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ከፍቶ፣ በለሆሳስ ተናግሮ መስማት ነው። ንግግሩ ከሽሽታው ጎልቶ ከተሰማ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 4ኛው ትውልድ «ስካርሌት 2አይ2» እስከ 69 ዴሲቤል ያበረታል፤ ጥቂት ሴኮንድ አዳምጦም ልኩን ራሱ ያስተካክላል። የኦዲየንት «ኢቮ 4»ም ልክ የሚያስተካክል ቍልፍ አለው። ይህ ለጀማሪ ረዳት ነው፤ ሆኖም ቍልፍ በእጁ አዙሮ ልክ ማግኘትን በአንድ ቀን የሚማር ልጅ ያለበት ቤት ስለዚህ ብቻ ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አይጠበቅበትም።

በዚህ ረገድ አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። በገበያ «ቪ8» እየተባለ የሚሸጥ፣ ብዙ መብራት የሚያብለጨልጭ፣ የሳቅና የጭብጨባ ድምፅ የሚያወጡ ቍልፎች ያሉት ርካሽ ሣጥን አለ። እርሱ በስልክ በቀጥታ ለሚያስተላልፉ የተሠራ ነው እንጂ ዜማን አጥርቶ ለማስቀረት የተሠራ አይደለም። የቍልፍ ብዛት የዕቃን ደግነት አያሳይም።

የዘማሪው ጆሮና የመብራቱ ነገር

ዘማሪ የራሱን ድምፅ በማዳመጫ እየሰማ የሚቀረጽ ከሆነ ድምፁ ሳይዘገይ ሊደርሰው ይገባል። ድምፅ በአየር ውስጥ በ1 ሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ድምፁን ተቀብሎ እስኪመልስ የሴኮንድ 3 መቶኛ ያህል ቢዘገይ ዘማሪው የራሱን ድምፅ ከ10 ሜትር ርቀት የሚሰማ ያህል ይሆንበታል፤ ዜማውም ይሰናከላል። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ «ዳይሬክት ሞኒተር» የሚል ቍልፍ ያለው መሣሪያ መምረጥ ነው። በእርሱ ድምፁ ወደ ኮምፒዩተር ሳይዞር ከሣጥኑ በቀጥታ ወደ ጆሮ ይደርሳል። ርካሹ «ዩኤም2» እንኳ ይህ ቍልፍ አለው።

እነዚህ ትንንሽ መሣሪያዎች ኀይላቸውን የሚወስዱት ከኮምፒዩተሩ በዩኤስቢ ገመድ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ያለ ዘመድ ከአሜሪካ ቢልከው የቮልት ልዩነት አያሳስብም፤ የራሱ የመብራት ገመድ ያለው ከሆነ ግን ለ220 ቮልት መሆኑ ሊታይ ይገባል። መብራት ቢጠፋም በላፕቶፕ ባትሪ ሥራው አይቋረጥም። እንዲያውም በሚቀረጽበት ጊዜ ላፕቶፑን ከግድግዳው ነቅሎ በባትሪ ማሠራት ይመረጣል፤ የመሬት መስመሩ ባልተስተካከለ ቤት ከመብራቱ የሚመጣ «እምም» የሚል ድምፅ ወደ ቅጂው ገብቶ ከበገናው ወፍራም አውታሮች ጋራ ሊደባለቅ ይችላልና።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም። ነገር ግን ሦስት ነገር ይፈተን፤ ቍልፎቹ ሲዞሩ እንዳይንጫጩ፣ የዩኤስቢው መሰኪያ እንዳይወላውል፣ የ48 ቮልቱ ኀይል እንዲሠራ። «ፋየርዋየር» በሚባል አሮጌ ገመድ የሚገናኘው ግን በነጻ ቢሰጥም አይጠቅምም፤ አዳዲስ ኮምፒዩተሮች የዚያ መሰኪያ የላቸውም። ድራይቨር የሚባለውም ፕሮግራም ከሠሪው ድርጅት ገጽ ብቻ ይወሰድ። ለመቅረጫ ደግሞ «ኦዳሲቲ» ያለ ክፍያ ይገኛል፤ የአፕል ኮምፒዩተር ያለው ቤትም «ጋራዥባንድ» አለው። ስለ ፕሮግራም ገንዘብ ማውጣት ለጀማሪ አይገባም።

መግዛት የማያስፈልገው ማን ነው?

መሣሪያ ያለ መግዛት ጥበብ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የሚቀረጸው የአንድ ሰው ንግግር ወይም ዜማ ብቻ ከሆነ በቀጥታ ከኮምፒዩተር ጋራ የሚገናኝ የዩኤስቢ ማይክራፎን ይበቃል፤ ሣጥኑ በውስጡ አለና። አባት ያሉት በገጠር ከሆነ፣ ላፕቶፕና ገመድ ተሸክሞ ከመሄድ በኪስ የሚያዝ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የድምፅ መቅጃ ይሻላል። ይህም ካልተገኘ ስልክ አለ። በጸጥታ ቦታ፣ ከሰውየው አንድ ክንድ ያህል ርቆ በትራስ ላይ የተቀመጠ ስልክ የሚሰጠው ቅጂ፣ ሳይገዛ ከቀረው የውድ መሣሪያ ቅጂ ይበልጣል።

ለመግዛት የወሰነ ቤትም ገንዘቡን ሁሉ በሣጥኑ ላይ አይጨርስ። ዕቃ አስቀድሞ መጥኖ ያልደቈሰ ኋላ ድስት ጥዶ ማልቀስ ይመጣበታልና። ማይክራፎን፣ ማቆሚያ፣ ደኅና ገመድና ጆሮን የሚደፍን ማዳመጫ አብረው ይታሰቡ። ካለው ገንዘብ ለሣጥኑ ከእኩሌታው ያነሰ ቢውል ይመረጣል፤ በመልካም ማይክራፎን ፊት የተቀመጠ ርካሽ ሣጥን፣ በመናኛ ማይክራፎን ኋላ ከተቀመጠ ውድ ሣጥን የተሻለ ድምፅ ይሰጣል።

ከሁሉም በላይ ድምፅን የሚያሳምረው በገንዘብ የማይገዛው ነገር ነው፤ እርሱም ጸጥታ ነው። ባዶ ግድግዳና ሲሚንቶ ወለል ያለው ክፍል እንደ ጕድጓድ ያስተጋባል። አልጋ፣ ምንጣፍና ልብስ የተሞላ ቁም ሣጥን ያለበት መኝታ ቤት ይመረጥ፤ በዘማሪው ኋላና ጎን ጋቢና ብርድ ልብስ ይሰቀል። ማቀዝቀዣው ለአንድ ሰዓት ይነቀል። በቆርቆሮ ጣራ ላይ ዝናብ ሲወርድ መቅረጽ ከንቱ ድካም ነው፤ ስለዚህ ከክረምት ይልቅ በጋው ይስማማል። የበገናው ወራት ዐቢይ ጾምም የበልግ ዝናብ ካልጣለ ምቹ ጊዜ ነው።

ሲቀረጽና ከተቀረጸ በኋላ

ማይክራፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ትንፋሹ እንዳይመታውም ጥቂት ወደ ጎን ይዘንብል። ለበገና ከገበቴው ሁለት ስንዝር ያህል ይራቅ። የድምፁ ልክ በፕሮግራሙ ላይ ሲታይ እጅግ ከፍ ባለበት ጊዜ ከ«0» በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ድምፅ በኋላ ከፍ ይላል፤ ከ«0» ያለፈ ግን ከሞላ እንስራ እንደ ፈሰሰ ውኃ ነው፣ አይታፈስም። ድምፅ ያጠራሉ የሚባሉ ፕሮግራሞችም በጥንቃቄ ይያዙ። በአውታሮቹ ሥር በሚገቡት ትንንሽ ቁርበቶች፣ በእንዚራዎቹ ምክንያት የሚሰማው ንዝረት የበገናው ጠባይ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን እንደ እድፍ ቈጥሮ ሊያጥበው ይችላል። ያልተነካው የመጀመሪያ ቅጂ ሁልጊዜ ለብቻው ይቀመጥ።

ከዜማው በፊት አንድ ሰው ቀኑን፣ ቦታውን፣ የአዜመውን አባት ስም፣ ዜማውን ከማን እንደ ተማሩ ተናግሮ ይቅረጽ። ባለቤቱና ዘመኑ ያልታወቀ ድምፅ ስም እንደሌለው መቃብር ነው። በ24 ቢትና በ48,000 ልክ የተቀረጸ የአንድ ማይክራፎን ድምፅ በ1 ሰዓት 518 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ከ100 ሰዓት በላይ ይበቃል። ከተጨመቀው «ኤምፒ3» ይልቅ «ዌቭ» የሚባለው ዓይነት ይቀመጥ። አንዱ ቅጂ በኮምፒዩተር፣ ሁለተኛው በፍላሽ፣ ሦስተኛው በሌላ ቤት ባለ ዘመድ ዘንድ ይሁን፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ፍላሽም ይበላሻልና።

ከዚህ ሁሉ ጋራ ሥርዓትና አክብሮት ይጠበቅ። አባትን ወይም መምህርን ሳያስፈቅዱ መቅረጽ፣ ለቤት ብለው የሰጡትንም ዜማ ለሕዝብ መበተን ወይም መሸጥ ከክርስቲያን ልጅ አይጠበቅም። ቃሉ እስኪጠፋ ድረስ የገደል ማሚቶ መጨመርም ምስጋናን ወደ ጨዋታ ይለውጣል። ደግሞም ቅጂ መምህር አይደለም። ያሬዳዊ ዜማ የሚማር ልጅ ሲሳሳት መምህሩ ሰምተው ያርሙታል፤ መሣሪያው ግን ስሕተቱንም ትክክሉንም እኩል ያሰማል። ልጆች ቅጂውን ይዘው ወደ መምህሩ ይሂዱ እንጂ ስለ ቅጂው መምህሩን አይተዉ።

እንግዲህ፣ የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ነገሩን በአጭር ቃል እንሰብስበው። ለአንድ ድምፅ አንድ ማይክራፎን የሚቀበለው ትንሹ መሣሪያ ይበቃል፤ በገና ወይም ሁለት ዘማሪ ላለበት ቤት ሁለት የሚቀበለው ይገዛ፤ የ48 ቮልት ኀይልና የቀጥታ ማዳመጫ ቍልፍ ይኑረው፤ ከዚህ የተረፈው ገንዘብ ለማይክራፎኑ ይሁን። ገንዘቡ ዛሬ የሌለ እንደ ሆነ ግን ዛሬ ማታ፣ ከእራት በኋላ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፤ ልጆች ከአያታቸው አጠገብ ይቀመጡ፤ ስልኩ በትራስ ላይ ይሁንና «አባባ፣ እስቲ ያንን የሚያውቁትን ይበሉልን» ይባል። በገና ደርዳሪዎቻችንንና የዜማ አባቶቻችንን በዕድሜና በጤና ይጠብቅልን፤ እኛንም የተሰጠንን የምንጠብቅ ያድርገን።